የትንሽ ማግኔት ትምህርት ቤት ቁጥሮች ለኢትዮጵያዊ ወላጅ ምን ይነግራሉ?

ጥያቄ፦ «ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በምንኖርበት ካውንቲ አራት መቶ ገደማ ተማሪዎች ብቻ ባሉት ማግኔት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ዕድል አግኝታለች። የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ሪፖርት ስመለከት የእንግሊዝኛ ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ የሒሳቡ ግን ባልጠበቅሁት መጠን ዝቅ ይላል። ‹ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ› በሚለው ረድፍ ላይ ቁጥር የለም፤ ኮከብ ብቻ ነው። የምረቃ መጠኑ መቶ በመቶ ነው ይላል። አንዳንዱ ‹ዕድል ነው፣ እንዳያመልጣት› ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ‹እሷን የሚመስል ልጅ በሌለበት ብቻዋን ትቀራለች› ይለኛል። ቁጥሮቹን እንዴት ላንብባቸው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ለልጅዎም ለእርስዎም እንኳን ደስ አላችሁ። በትምህርት ቤት ዲስትሪክት ውስጥ የተማሪዎችን ውጤትና መረጃ በማጠናቀር ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት ስለቆየሁ፣ እርስዎ የጠቀሷቸውን ረድፎች ከሚያዘጋጁት ወገን ሆኜ አውቃቸዋለሁ። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልናገር፦ ተማሪዎቹን መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት የሚያወጣው የውጤት መቶኛ በአብዛኛው የሚነግርዎ በበሩ ማን እንደገባ ነው እንጂ፣ ከገቡ በኋላ ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ምን እንዳደረገላቸው አይደለም። ለእርስዎ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ቁጥር፣ ማለትም ልጅዎን ከሚመስሉ ልጆች መካከል በዘጠነኛ ክፍል ስንት ገብተው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንት እንደጨረሱ፣ በሪፖርቱ ላይ አልታተመም፤ ጠይቀው የሚያገኙት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማግኔት ትምህርት ቤቶች ከየት እንደመጡ ማወቅ ቁጥሮቹን ለማንበብ ይረዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በብራውን ጉዳይ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ነጭና ጥቁር ልጆችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ በብዙ ከተሞች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ1968 በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ የሚገኘው ማካርቨር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ሞከረ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ጥቁሮች የነበሩበት ይህ ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት በማቅረብ የሌሎች ሰፈሮች ወላጆች ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው እንዲልኩ ጋበዘ። ማግኔት የተባለው በዚህ በመሳቡ ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም በ1984 ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተለየ የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም አቋቋመ። እንግዲህ ልጅዎ የምትገባበት በር የተከፈተው በጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ትግል መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ እኛ ከሩቅ የመጣን ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

በ2007 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሲያትልና በሉዊቪል ጉዳይ፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪን በሚመድቡበት ጊዜ የእያንዳንዱን ልጅ ዘር መለኪያ አድርጎ መጠቀምን በጥብቅ ገደበ። ከዚያ ወዲህ ዲስትሪክቶች ልጁ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የሚኖርበትን ሰፈርና የቤተሰቡን ገቢ ወደ ማየት ዞረዋል። የመግቢያው ደንብ ሲለወጥ የተማሪዎቹ ስብጥር እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚገኘውና በ1985 ማግኔት ሆኖ የተከፈተው የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትልቅ ቢሆንም ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2020 የመግቢያ ዕድል ከተሰጣቸው 486 ተማሪዎች መካከል የእስያ ዝርያ ያላቸው ወደ 73 በመቶ ነበሩ፤ የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ደግሞ «ለሪፖርት እጅግ ትንሽ ነው» ተብሎ ሳይታተም ቀረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ የመግቢያ ፈተናውንና የማመልከቻ ክፍያውን አስቀረ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 1.5 በመቶ ያህል ቦታ እንዲያዝ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ዕድሉ ከተሰጣቸው 550 ተማሪዎች ውስጥ ጥቁሮች ወደ 7 በመቶ፣ ላቲኖዎች ወደ 11 በመቶ፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው ወደ 54 በመቶ ሆኑ፤ ከአንድ በመቶ በታች የነበሩት የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ደግሞ ወደ 25 በመቶ ደረሱ። አንዳንድ ወላጆች ለውጡ የእስያ ዝርያ ያላቸውን ልጆች ይጎዳል ብለው ከሰሱ፤ ክርክሩ እስከ ላይ ደርሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2024 ጉዳዩን አላይም በማለቱ አዲሱ ደንብ ጸና። በአንድ ዓመት ውስጥ የአካባቢው ልጆች አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ትምህርት ቤት ሪፖርት ሲያነቡ መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው፣ ውጤቱ በተመዘገበበት ዓመት ልጆቹ በፈተና፣ በውጤት፣ በዕጣ ወይስ በእነዚህ ቅልቅል እንደገቡ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛውና ሒሳቡ ልመለስ። በ2015 በጸደቀው የፌዴራል የትምህርት ሕግ መሠረት ተማሪዎች ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ ይፈተናሉ፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን በእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ጊዜ መፈተናቸው ይበቃል። ይህ ማለት አንድ ልጅ በዘጠነኛ ወይም በአሥረኛ ክፍል የሚፈተነው ወደ ትምህርት ቤቱ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። የታተመው ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ውጤት በአመዛኙ የመካከለኛ ደረጃ መምህራንና የወላጆች ድካም ፍሬ ሆኖ ሳለ የሚመዘገበው በማግኔቱ ስም ነው።

የሒሳቡ መውረድ ደግሞ እርስዎን ከሚያሳስብዎ ባነሰ ሊያሳስብዎ ይገባል። ለምሳሌ በሜሪላንድ የአልጀብራ አንድ የግዛት ፈተና የሚሰጠው ልጁ ትምህርቱን በወሰደበት ዓመት ነው። ወደ ማግኔት የሚገቡ ልጆች አብዛኞቹ አልጀብራን በሰባተኛ ወይም በስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ይመጣሉ፤ ፈተናውንም እዚያው ወስደውታል። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃው የሒሳብ ረድፍ ላይ የሚታዩት በዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ አንድ የወሰዱ ጥቂት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱም ከትምህርት ቤቱ ልጆች መካከል በሒሳብ ዘግይተው የጀመሩት ናቸው። የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ጥንካሬ ማየት ከፈለጉ በኤፒ ካልኩለስ ፈተና (ኤፒ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው) ስንት ልጅ ተቀምጦ ስንቱ ከ5 ነጥብ 3 እና ከዚያ በላይ እንዳመጣ ይጠይቁ፤ ለካልኩለስ የተቀመጡትም እነማን እንደሆኑ ጨምረው ይጠይቁ።

ኮከቡ ብዙ ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ኮከብ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። የተፈተኑት የአንድ ቡድን ልጆች ቁጥር ከተወሰነ መጠን ሲያንስ፣ ለምሳሌ ከአሥር በታች ሲሆን፣ መቶኛው ቢታተም ማን ምን እንዳመጣ ጎረቤት ሁሉ ሊያውቅ ስለሚችል መረጃው ይሸፈናል፤ ይህም የተማሪዎችን ምስጢር ከሚጠብቀው ከ1974ቱ ሕግ የሚመነጭ ግዴታ ነው። አንዳንዴም ቡድኑ ራሱ ትንሽ ሳይሆን ይሸፈናል፤ የሌላ ትንሽ ቡድን ቁጥር ከጠቅላላው ተቀንሶ እንዳይታወቅ ሲባል ሁለተኛ ረድፍ አብሮ እንዲደበቅ ይደረጋል። እኔ ራሴ እነዚህን ኮከቦች ስሞላ ኖሬአለሁ፤ ከእያንዳንዳቸው በስተጀርባ ስም ያላቸው ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ወላጅ «እዚያ ጥቁር ልጅ የለም ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያሳዝነኛል።

ቁጥሩ ቢታተምም እንኳ በትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል 24 ጥቁር ተማሪዎች ተፈተኑ እንበል። አንዷ ልጅ በፈተናው ቀን ታማ ደረጃውን ሳታሟላ ብትቀር የቡድኑ ውጤት ከአራት ነጥብ በላይ ይወርዳል፤ ሁለት ቢሆኑ ከስምንት ነጥብ በላይ። ሁለት ሺህ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ስምንት ነጥብ ቢወርድ አንድ ከባድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው፤ በእርስዎ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ልጆች ናቸው። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በደረጃ ሰንጠረዦች አናት ላይም ግርጌ ላይም በብዛት የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዘው አይፍረዱ። ርእሰ መምህሩን ወይም የዲስትሪክቱን የመረጃ ክፍል «የሦስት ወይም የአራት ዓመት ድምር ስጡኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ዓመታቱ ሲደመሩ ቡድኑ ስለሚበዛ ኮከቡ ሊነሳ ይችላል፣ የማንም ልጅ ምስጢርም አይነካም።

ኮከቡ ቢነሳም ከሥሩ የሚወጣው ረድፍ የእርስዎን ልጅ በትክክል አይገልጻትም። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ስም ሥር ቤተሰባቸው በዚህ አገር ለብዙ ትውልድ የኖረ ልጆች፣ ከናይጄሪያ የመጡ ሐኪሞች ልጆች፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የገባችና ገና እንግሊዝኛ የምትማር ልጅ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው የታክሲ ሾፌር ልጅ አብረው ይቆጠራሉ። በነሐሴ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ሳግዝ የገጠመኝን አልረሳውም። ነጠላ የለበሱ እናት ቅጹን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሲሞሉ ቆይተው የዘር መጠይቁ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ፤ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኛ የትኛው ነን?» አሉኝ። ከዚያ ከሳጥኖቹ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በአማርኛ «ኢትዮጵያዊት» ብለው ጻፉ፤ የትኛውንም ሳጥን ግን ምልክት አላደረጉበትም። ወላጅ ሳጥኑን ባዶ ሲተወው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ልጁን አይቶ እንዲሞላ የፌዴራሉ መመሪያ ያዛል፤ ስለዚህ መልሱን ለሌላ ሰው ዓይን አይተዉት። በመጋቢት 2024 የወጣው አዲስ የፌዴራል መመሪያ ከ«ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ሥር አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሊያዊ የሚሉ ዝርዝር ሳጥኖችን አስቀምጧል። ወደ ትምህርት ቤት ቅጾች ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳጥኑን ባገኙ ጊዜ ግን እባክዎ ምልክት ያድርጉበት። እስከዚያው ድረስ ኢትዮጵያውያንን ለይቶ ለማሳየት ይበልጥ ቅርብ የሆነው መረጃ በቤት የሚነገር ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በምዝገባ ጊዜ ስለሚጠይቀው ስንት ቤተሰብ አማርኛ ወይም ትግርኛ እንደሚናገር ጸሐፊዋ ታውቀዋለች።

ስለ ገቢው ረድፍም አንድ ነገር ልጨምር። «ዝቅተኛ ገቢ» የሚለው ቁጥር በብዙ ቦታ የሚመጣው ከምሳ ቅጽ ነው፦ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምሳው ነጻ ነው፣ እስከ 185 በመቶ ከሆነ በቅናሽ ነው። ወገኖቻችን ይህን ቅጽ አይወዱትም። አንድ አባት አራት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲከቱት «ተመስገን፣ ልጄ አይራብም፤ ለተቸገረ ይስጡት» ብለውኛል። ክብራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የእርስዎ ቅጽ የሌላ ልጅ ምሳ አይቀንስም። በአንጻሩ ልጅዎ በዚያ ቅጽ ብቁ ከሆነች ለኤፒ ፈተና፣ ለኤስኤቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናና ለኮሌጅ ማመልከቻ የክፍያ ቅናሽ ወይም ነጻ ፈቃድ ልታገኝ ትችላለች፤ አራት ዓመት ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኛ ቅጹን ባለመሙላታችን ሪፖርቱ ትምህርት ቤቱን ከእውነታው የበለጠ ሀብታም አድርጎ ያሳየዋል፤ ከእርስዎ በኋላ የምትመጣ እናትም «እዚያ የእኛ ዓይነት ቤተሰብ የለም» ብላ ትመለሳለች።

መቶ በመቶ ስለሚለው የምረቃ መጠን ግን ቆም ብዬ ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከሪፖርቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ይህ ቁጥር ነው። ስሌቱ የሚጀምረው በዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ነው፤ ሆኖም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሩ በሰነድ የተረጋገጠ ልጅ ከስሌቱ ይወጣል፣ በተቀበለው ትምህርት ቤት መዝገብ ላይም ይጨመራል። ይህ ለሰፈር ትምህርት ቤት ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ ቤት ይቀይራልና። በማግኔት ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል። አንዲት ልጅ በአሥረኛ ክፍል ውጤቷ ይወርዳል፤ ካውንስለሯ በመልካም ልብ «ወደ ሰፈርሽ ትምህርት ቤት ብትመለሺ አይሻልም?» ትላታለች፤ ልጅቷ ትሄዳለች። ማግኔቱ መቶ በመቶ እንደሆነ ይቀራል፤ ኃላፊነቱን የሚሸከመው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጅቷ ካቋረጠችም የሚቀንሰው የእሱ ቁጥር ነው። በዘጠነኛ ክፍል 110 ልጆች ገብተው 85 ቢመረቁ፣ የተቀሩት 25ቱ ሁሉ በሰነድ ተዛውረው ከሆነ ትምህርት ቤቱ በሕጋዊ መንገድ መቶ በመቶ አስመረቅሁ ይላል። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ስለ 25ቱ ነው። ይህን ማጣራት ከባድ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ሪፖርት ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ቁጥር፣ በዘንድሮው ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ቁጥር ይዩ፤ ከዚያም በዘር ረድፍ እንዲሁ ያድርጉ። ልዩነቱ ከጥቁር ተማሪዎች ላይ ጎልቶ ከታየ፣ ችግሩ ያለው በልጆቹ ሳይሆን ሲቸገሩ በሚያገኙት እርዳታ ላይ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለዎት።

«ልጄ እዚያ ስለገባች ብቻ የተሻለ ትማራለች ወይ?» ለሚለው ድብቅ ጥያቄዎ ሐቀኛ መልስ ልስጥ። አብዱልቃዲርኦግሉ፣ አንግሪስትና ፓታክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በኒውዮርክ በፈተና የሚገቡባቸውን ዝነኛ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ነጥብ ለጥቂት ያለፉ ልጆችን ለጥቂት ካመለጣቸው ጋር አወዳድረው ነበር። በኋላ ባመጡት የፈተና ውጤት ላይ ያገኙት ልዩነት በጣም አነስተኛ ነበር። ይህን ጥናት የምጠቅሰው ትምህርት ቤቱን ለማሳነስ አይደለም። ፈተና የማይለካቸው ነገሮች አሉ፤ የቤተ ሙከራ ዕድል፣ መጽሐፍ የሚወዱ ጓደኞች፣ ስሟን የሚያውቅ መምህር፤ በአራት መቶ ተማሪ መካከል የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። የምለው ይህ ነው፦ ልጅዎ ባትሄድ ያላትን አትጥልም፤ ብትሄድ ደግሞ ያደረሳት የራሷ ጥረትና የእርስዎ ማሳደግ እንጂ የሕንጻው ስም አይደለም።

«ብቻዋን ትቀራለች» የሚሉዎትን ሰዎች ስጋት ግን አላጣጥልም፤ በመቶኛ ሊለካ አይችልም እንጂ እውነት ነው። በዚህ ጉዳይ ትንሽነቱ በሁለት በኩል ይሠራል። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ጥቂት ሲሆኑ በአንድ የኬሚስትሪ ክፍል አንዲት ብቻ የምትሆንበት አጋጣሚ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ትንሽ መሆን በራሱ ብቸኝነት አይደለም። በዲሲ በ1981 የተቋቋመው የቤንጃሚን ባነከር አካዳሚክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፣ መርጦ ያስገባል፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቹም ጥቁሮች ሆነው ኖረዋል፤ ከ2021 ጀምሮ በሾው ሰፈር ከዘጠነኛ መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ በአዲስ ሕንጻ ያስተምራል። ባነከርን የማነሳው ከፍተኛ ውጤትና ብዙ ጥቁር ተማሪ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አይችሉም የሚለው አስተሳሰብ በቤታችንም ስለሚነገር ነው፤ ልጆቻችንም ይሰሙታል።

የእኔ አስተያየት ይሂዱበት የሚል ነው፤ አስቀድመው ግን ለቀጠሮ ይደውሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ በዲሲም በሞንትጎመሪ ካውንቲም አማርኛ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጓት፣ ስለ እሷ ነው የሚነጋገሩትና። ለካውንስለሩ ውጤት ሲወርድ ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው ወር ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ፤ «ከትምህርት በኋላ እርዳታ አለ» ካለዎት በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሳት አውቶቡስ መኖሩን ይጠይቁ። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ልጅ አውቶቡሱ ካመለጣት እርዳታው ለእሷ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ከዚያ ልጅዎ አንድ ቀን ከሌላ ተማሪ ጋር ክፍል ለክፍል እየዞረች እንድትውል ያስፈቅዱላት፤ ብዙ ማግኔቶች ይህን ይፈቅዳሉ። ማታ ስትመለስ «ወደድሽው?» ብለው አይጀምሩ። ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደተቀመጠች፣ በሒሳብ ክፍሉ ውስጥ እጃቸውን ያወጡት እነማን እንደነበሩ፣ መምህሩም ያልገባትን ልጅ እንዴት እንደመለሰላት ትንገርዎት። ሪፖርቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ኮከቡን ያሳዩዋት፤ በቀጣዩ ዓመት ከኮከቡ ሥር ከሚቆጠሩት አንዷ እሷ ልትሆን ስለምትችል ምን ማለት እንደሆነ ከእርስዎ አፍ ብትሰማ ይሻላል። የተቀባይነት ደብዳቤው የመልስ ቀን ስላለው ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ይያዙ።